ብርቱ ነፋስና ተጠቅላይ ሸራ፡- በትንሽ ጀልባ ላይ የሚታይ ፊዚክስ

ነፋስ ባለበት ቀን ጃንጥላ ይዞ የሄደ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል። ነፋሱ ለስለስ ሲል ጃንጥላው በአንድ እጅ ይያዛል፤ በረታ ሲል ግን ሁለት እጅም አይበቃውም። ያን ጊዜ የሚሻለው ከጃንጥላው ጋር መታገል ሳይሆን ጃንጥላውን ማጠፍ ነው። በሸራ ጀልባ ላይ ያለ ሰውም የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። ልዩነቱ የእርሱ «ጃንጥላ» 20 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መሆኑ፣ የቆመበትም ወለል ከማዕበሉ ጋር የሚወዛወዝ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው 8 ሜትር ያህል ርዝመት ባላት ትንሽ የሸራ ጀልባ ላይ የሚገኘውን ተጠቅላይ የፊት ሸራና ይህ ሸራ በብርቱ ነፋስ ጊዜ የሚያዝበትን መንገድ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ጉዳዩ ከእኛ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ለየብቻ የምንማራቸው የግፊት፣ የቬክተር፣ የሞመንትና የሰበቃ ሕግጋት በአንድ ገመድ ላይ ተሰባስበው የሚገኙበት እንዲህ ያለ ምሳሌ ብዙ አይገኝም። ከዚህም በላይ በባሕር ላይ እነዚህን ሕግጋት መዘንጋት የሚያስከፍለው የፈተና ነጥብ ሳይሆን የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

የነፋስ ኃይል እንዴት ያድጋል?

የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉም በእጥፍ ይጨምራል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። እንቅስቃሴ ላይ ያለ አየር በአንድ ገጽ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የአየሩ እፍግታ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ሲነፍስ ግፊቱ በካሬ ሜትር 15 ኒውተን፣ በሰከንድ 10 ሜትር ሲነፍስ 60 ኒውተን፣ በሰከንድ 15 ሜትር ሲነፍስ ደግሞ 135 ኒውተን ይሆናል።

ይህን 20 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ሸራ ላይ እናስላው። የሸራው ቅርጽና ለነፋሱ የሚሰጠው ማዕዘን ውጤቱን ከፍና ዝቅ ቢያደርጉትም፣ ለግምት ያህል ግፊቱን በስፋቱ ብናባዛ 300፣ 1200 እና 2700 ኒውተን እናገኛለን። በምናውቀው መለኪያ ስንገልጸው የመጀመሪያው 30 ኪሎ ግራም፣ ሁለተኛው 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ ግራም፣ ሦስተኛው 2 ኩንታል ተኩል የሚያልፍ ክብደት ነው። የነፋሱ ፍጥነት 3 እጥፍ ሲያድግ ኃይሉ 9 እጥፍ አደገ ማለት ነው።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 ያዘጋጀው የነፋስ መለኪያ ዛሬም በመርከበኞች ዘንድ ይሠራበታል። በዚህ መለኪያ 4ኛው ደረጃ በሰከንድ ከ5.5 እስከ 7.9 ሜትር፣ 6ኛው ደረጃ ደግሞ ከ10.8 እስከ 13.8 ሜትር ነው። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ሁለት ደረጃ ብቻ ይመስላል። የሁለቱን ደረጃዎች መካከለኛ ፍጥነት ወስደን ብናነጻጽር ግን በሸራው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ3 እጥፍ በላይ ሆኖ እናገኘዋለን። በተጨማሪም እነዚህ ቁጥሮች አማካይ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። በመካከል የሚመጣ ድንገተኛ ንፍሰት ከአማካዩ 1.4 እጥፍ ቢሆን እንኳ ኃይሉ ወዲያውኑ በእጥፍ ያድጋል።

ይህ ኃይል የሚያርፈው ከውሃው በላይ በበርካታ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስለሆነም ጀልባዋን ወደ ጎን የሚያዘነብል ሞመንት ይፈጥራል። ከጀልባዋ ሆድ በታች የተገጠመው ከባድ ብረት ወይም እርሳስ ይህን ሞመንት ይቋቋማል፤ የሚቋቋመው ግን በልክ ነው። ከልኩ ሲያልፍ ጀልባዋ በኃይል ታዘነብላለች፣ መሪዋም ከውሃው በከፊል ስለሚወጣ ትእዛዝ መቀበል ያዳግታታል። መርከበኛው ነፋሱን መቀነስ አይችልም። በእጁ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የሸራው ስፋት ነው።

መሣሪያው ምንድን ነው?

በተለመደው ትንሽ የሸራ ጀልባ ላይ ሁለት ሸራዎች አሉ። አንዱ ከምሰሶው በስተኋላ የሚወጠረው ዋናው ሸራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከምሰሶው ጫፍ እስከ ጀልባዋ አፍንጫ በተዘረጋው የፊት ውጥር ሽቦ ላይ የሚያርፈው ባለ ሦስት ማዕዘን የፊት ሸራ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ነፋሱ ሲበረታ አንድ ሰው ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሄዶ፣ ትልቁን የፊት ሸራ አውርዶ፣ በትንሽ ሸራ መተካት ነበረበት። ይህ ቦታ ደግሞ ማዕበል የሚያጥበውና ከሁሉ ይልቅ የሚነሣና የሚወድቀው የጀልባዋ ክፍል ነው።

ሸራ የመቀነስ ሥራ ራሱ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የታዋቂው ፈረንሳዊ መርከበኛ የኤሪክ ታባርሊ ሞት ያስታውሰናል። ታባርሊ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1998 በአይሪሽ ባሕር ላይ በሌሊት ሲጓዝ፣ ፔን ዱዊክ በተባለችው አሮጌ ጀልባው ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ዋናውን ሸራ በሚቀይርበት ጊዜ በሸራው ዘንግ ተመትቶ ወደ ባሕር ወደቀ፤ በሕይወትም አልተገኘም። በውቅያኖስ ላይ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ነበር።

ተጠቅላይ የፊት ሸራ የታሰበው ቢያንስ ወደ አፍንጫው የሚደረገውን ጉዞ ለማስቀረት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ አገር ዋይክሃም ማርቲን በሚል ስም የታወቀ መጠቅለያ ነበር። ይሁን እንጂ ሸራውን ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል ወይ ሙሉ በሙሉ ይጠቀልላል እንጂ በግማሽ እንዲሠራ የተበጀ አልነበረም። ዛሬ በብዙ ጀልባዎች ላይ የምናየው ዓይነት ግን በፊት ውጥር ሽቦው ላይ የሚለብስ፣ በቁመቱ ቦይ ያለው የአሉሚኒየም ዘንግ አለው። የሸራው የፊት ጠርዝ በዚህ ቦይ ውስጥ ይገባል። ከዘንጉ ግርጌ አንድ ከበሮ ተገጥሞ፣ በከበሮው ላይ የተጠመጠመው ገመድ በጀልባዋ ጎን አልፎ እስከ መሪው መቀመጫ ይደርሳል። ይህን «መጠቅለያ ገመድ» እንበለው። ከሸራው የኋላ ጥግ ተነሥቶ ወደ መሪው መቀመጫ የሚመጣውንና ሸራውን የሚቆጣጠረውን ገመድ ደግሞ «ልጓም» እንበለው።

አሠራሩ በማጠንጠኛ ላይ ክር እንደ ማጠንጠን ነው። ልጓሙ ሲሳብ ሸራው ይዘረጋል፤ ዘንጉና ከበሮው አብረው ስለሚዞሩ መጠቅለያው ገመድ በከበሮው ላይ ይጠመጠማል። መጠቅለያው ገመድ ሲሳብ ደግሞ ገመዱ ከከበሮው እየተፈታ ዘንጉን ስለሚያዞረው ሸራው በዘንጉ ላይ ይጠቀለላል። ሁለቱ ገመዶች ሁልጊዜ ተቃራኒ ሥራ ይሠራሉ፤ አንዱ ሲሳብ ሌላው መለቀቅ አለበት።

ችግር የሚዘራው ሸራው ሲዘረጋ ነው

በብርቱ ነፋስ ጊዜ «አልጠቀለል አለ» የሚባለው ሸራ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጠረው ከሰዓታት በፊት፣ ነፋሱ ገና ለስላሳ ሳለ ነው። መርከበኛው መጠቅለያውን ገመድ ዝም ብሎ ከለቀቀው ሸራው በአንድ ጊዜ ተተርትሮ ይከፈታል፣ ከበሮውም በፍጥነት ይሽከረከራል። ያን ጊዜ ገመዱ በከበሮው ላይ ላላ ብሎና እርስ በርሱ ተደራርቦ ይጠመጠማል። በኋላ በኃይል ሲሳብ ላይኛው ዙር ከታችኛው ሥር ሰርጎ ይገባና ይቆለፋል። ስለዚህ ሸራው በሚዘረጋበት ጊዜ መጠቅለያው ገመድ ሁልጊዜ በመጠኑ ተወጥሮ፣ በዝግታ መለቀቅ ይኖርበታል።

ይህን ለማድረግ ሰበቃ ይረዳናል። ገመዱን በዊንች ወይም በሌላ ክብ ነገር ላይ መጠምጠም ይበቃል። ሌዎናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ በክብ ነገር ላይ የተጠመጠመ ገመድ የሚይዘው ኃይል በዙሩ ቁጥር ልክ የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነው። የሰበቃው መጠን 0.25 ነው ብንል፣ አንድ ዙር የእጃችንን ኃይል ወደ 5 እጥፍ፣ ሁለት ዙር ወደ 23 እጥፍ፣ ሦስት ዙር ወደ 110 እጥፍ ያደርሰዋል። አንድ ኩንታል የሚያህል ስበት ያለበት ገመድ በሁለት ዙር ተጠምጥሞ ከ5 ኪሎ ግራም በማይበልጥ የእጅ ኃይል ይያዛል ማለት ነው። በእጅ ብቻ የተያዘ ገመድ ግን ድንገት ሲሳብ የእጅ ቆዳ ይልጣል።

ሌላው አስቀድሞ መታየት ያለበት የገመዱ መጠን ነው። የሸራው የታች ጠርዝ 4 ሜትር ነው እንበል። በጸጥታ ጊዜ ሸራው ላላ ብሎ ስለሚጠቀለል የአንዱ ዙር አማካይ መጠን 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 20 ዙር ይበቃል። በብርቱ ነፋስ ግን ሸራው ተወጥሮና ጠብቆ ስለሚጠቀለል አማካዩ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ያን ጊዜ 27 ዙር ያህል ያስፈልጋል። ከበሮው ላይ 20 ዙር ገመድ ብቻ ካለ፣ ገመዱ ሲያልቅ 1 ሜትር ያህል ሸራ ሳይጠቀለል በነፋሱ ውስጥ ሲርገበገብ ይቀራል። በመሆኑም በወደብ ሳሉ ከሚያስፈልገው በላይ በርከት ያለ ዙር ማኖር አስፈላጊ ነው።

መቼ እንቀንስ? የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ምሳሌ

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በበጋ ወራት ከባሕረ ሰላጤው በስተምሥራቅ ያለው ሰፊ ሸለቆ በፀሐይ ስለሚግል በላዩ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል። በአንጻሩ የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ በጣም ቀዝቃዛ ነው። ከውቅያኖሱ የሚነሣው ቀዝቃዛና ከባድ አየር የጎደለውን ለመሙላት ወደ ምድር ሲጓዝ የባሕር ዳርቻው ኮረብታዎች ይከለክሉታል። ዋናው ክፍት በር 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጎልደን ጌት ወሽመጥ ነው። አየሩም በዚህ ጠባብ በር ሲያልፍ ይፈጥናል።

በዚህ ምክንያት ጠዋት በለስላሳ ነፋስ የተጀመረ ጉዞ ከሰዓት በኋላ በሰከንድ ከ10 እስከ 13 ሜትር የሚደርስ ነፋስ ይገጥመዋል። ይህ በበጋ ወራት ዘወትር የሚታይ ነገር ነው። ጠዋት ሸራውን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ከመነሻው 4 እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይጠብቀዋል። ነፋሱ የሚመጣበት ሰዓት በአብዛኛው ስለሚታወቅ፣ ልምድ ያላቸው መርከበኞች ወደ ወሽመጡ ከመድረሳቸው በፊት፣ ውሃው ገና ጸጥ ባለበት ቦታ ሳሉ ሸራቸውን ይቀንሳሉ።

«ሸራ ልቀንስ ወይስ አልቀንስ?» የሚለው ጥያቄ ወደ አእምሮ በመጣበት ቅጽበት መቀነስ እንደሚገባ በመርከበኞች ዘንድ የተለመደ ምክር አለ። ምክሩ የፍርሃት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የካሬው ሕግ ውጤት ነው። ኃይሉ ከፍጥነቱ ይልቅ ቀድሞ ስለሚያድግ፣ በሰከንድ 8 ሜትር ላይ በእጅ የሚጠቀለለው ሸራ በሰከንድ 12 ሜትር ላይ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል።

በብርቱ ነፋስ ሸራውን መጠቅለል

ነፋሱ ቀድሞ ቢደርስስ? በዚህ ጊዜ ጠቃሚው ዘዴ ጡንቻ ሳይሆን የጀልባዋን አቅጣጫ መለወጥ ነው። በጀልባዋ ላይ የሚሰማው ነፋስ የእውነተኛው ነፋስና የጀልባዋ እንቅስቃሴ የቬክተር ድምር ነው። እውነተኛው ነፋስ በሰከንድ 10 ሜትር፣ የጀልባዋ ፍጥነት በሰከንድ 3 ሜትር ነው እንበል። ጀልባዋ በ45 ዲግሪ ወደ ነፋሱ ስትጓዝ የሚሰማው ነፋስ በሰከንድ 12.3 ሜትር ያህል ነው። ነፋሱን ከኋላ አድርጋ ስትሄድ ግን 7 ሜትር ብቻ ይሆናል። የሁለቱን ካሬ ስናነጻጽር ግፊቱ ወደ አንድ ሦስተኛ መውረዱን እናያለን። ከዚህም ሌላ ዋናው ሸራ ነፋሱን ስለሚከልል የፊት ሸራው በጥላው ውስጥ ይገባና ይበልጥ ይቀልላል።

ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1. ከነፋሱ አቅጣጫ ፊት በቂ ባዶ ውሃ መኖሩ ይረጋገጣል። ዳርቻ ወይም ድንጋይ ቅርብ ከሆነ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መሄድ ራሱ አደጋ ስለሆነ፣ አቅጣጫ ሳይለወጥ ልጓሙን በማላላት ብቻ መጠቅለል ይመረጣል።

2. ጀልባዋ ቀስ ብላ ነፋሱን ከኋላ በስተጎን ታደርጋለች። ነፋሱ በትክክል ከኋላ እንዲሆን አይፈለግም፤ ምክንያቱም ትንሽ ስሕተት የዋናውን ሸራ አግዳሚ ዘንግ በድንገት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ወርውሮ ሰው ሊመታ ይችላል።

3. ልጓሙ በዊንቹ ላይ ተጠምጥሞ እንዳለ በዝግታ ይላላል፣ መጠቅለያው ገመድም በእጅ ይሳባል። ልጓሙ በጣም ከተወጠረ ሸራው አይጠቀለልም፤ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ ደግሞ ሸራው በኃይል እየተርገበገበ ይቀደዳል፣ የገመዱም ጫፍ እንደ ጅራፍ ሰው ይገርፋል። ስለዚህ ልጓሙ በመጠኑ ተወጥሮ ጥቅሉ ጠበቅ እንዲል ይደረጋል።

4. የሚፈለገው መጠን ሲደርስ መጠቅለያው ገመድ በጽኑ ይታሰራል። በከፊል የተጠቀለለ ሸራ ተመልሶ እንዳይከፈት የሚይዘው ይህ ገመድ ብቻ ነው። ቢበጠስ ወይም ቢያመልጥ ሙሉው ሸራ በከፋው ነፋስ ውስጥ ይዘረጋል። ገመዱ ያለቀ፣ የተላጠ ወይም የቀጠነ መሆን አለመሆኑ ከጉዞ በፊት የሚታየው ለዚህ ነው።

5. ሸራው ሲያንስ የኋላ ጥጉ ወደ ፊትና ወደ ላይ ስለሚሄድ ልጓሙ የሚያልፍበት ነጥብም ወደ ፊት መዛወር አለበት። አለበለዚያ የሸራው ላይኛ ክፍል እየተርገበገበ ይቀራል።

6. ሸራው ሙሉ በሙሉ የሚጠቀለል ከሆነ ልጓሞቹ ራሳቸው በጥቅሉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እስኪዞሩ ድረስ መሳቡ ይቀጥላል፤ ይህ ነፋሱ ጥቅሉን እንዳይፈታው ይከላከላል።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሥራው ወደ መጨረሻው የሚከብድበት ምክንያት ነው። ስንጀምር ከበሮው በገመድ የተሞላ ስለሆነ ራዲየሱ ትልቅ ነው፤ የሸራው ጥቅል ግን ቀጭን ነው። የከበሮው ራዲየስ 8፣ የጥቅሉ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሰበቃን ትተን፣ የሸራውን 100 ኪሎ ግራም ስበት በ25 ኪሎ ግራም እናሸንፋለን። ወደ መጨረሻው ከበሮው ባዶ እየሆነ ጥቅሉ ይወፍራል። የከበሮው ራዲየስ 4፣ የጥቅሉ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ለዚያው ስበት 125 ኪሎ ግራም ያስፈልገናል። ደግነቱ በዚያን ጊዜ ነፋሱን የሚይዘው ስፋት ስላነሰ የሸራው ስበትም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነገር የምናገኘው ምቾት አታላይ መሆኑ ነው። ነፋሱን ከኋላ አድርገን ስንሄድ የሚሰማን ነፋስ ስለሚቀንስ አውሎው ያለፈ ይመስላል። ሸራውን በዚህ ስሜት ለክተን ወደ ቀድሞው አቅጣጫ ብንመለስ ግፊቱ እንደገና 3 እጥፍ ያድጋል። መጠኑ መወሰን ያለበት በምንመለስበት አቅጣጫ በሚኖረው ነፋስ ነው።

በተጨማሪም በከፊል የተጠቀለለ ሸራ ቅርጹ እንደ ሙሉው ሸራ አያምርም፤ መካከሉ ይጎደጉዳል። የጎደጎደ ሸራ ደግሞ ጀልባዋን ከሚገፋት ይልቅ ያዘነብላታል። ይህን ለመቀነስ በአንዳንድ ሸራዎች የፊት ጠርዝ ላይ መካከሉ ወፈር ያለ ስፖንጅ ይሰፋል፤ ሲጠቀለል የመካከሉን ትርፍ ጨርቅ ይወስዳል። እንዲያም ሆኖ ከሸራው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከተጠቀለለ በኋላ ቅርጹ እየተበላሸ ስለሚሄድ፣ ለረጅም የባሕር ጉዞ የሚወጡ ሰዎች ከዚህ ሌላ ትንሽና ጠንካራ የማዕበል ሸራ ይይዛሉ። የፊት ሸራው ሲቀነስ ዋናው ሸራም አብሮ መቀነስ አለበት፤ አለበለዚያ የኋላው ገፍቶ ጀልባዋን ወደ ነፋሱ ያዞራታል።

አልጠቀለል ቢልስ?

በዚህ ጊዜ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት መጠቅለያውን ገመድ በዊንች አስገድዶ መሳብ ነው። ዊንች የእጅን ኃይል በብዙ እጥፍ ስለሚያበዛ፣ ሸራው ለምን እንደቆመ ሳይነግረን አንድ ነገር እስኪሰበር ድረስ ይስባል። ከምክንያቶቹ አንዱ በምሰሶው ጫፍ አካባቢ ይገኛል። ሸራውን የሚያንጠለጥለው መስቀያ ገመድ ቆሞ መቅረት ሲገባው ከዘንጉ ጋር አብሮ ሊጠመጠም ይችላል። በዚህ ላይ በኃይል ሲሳብ የፊት ውጥር ሽቦው ይጠመዘዛል፤ ከተበጠሰም ምሰሶው ሊወድቅ ይችላል። ስለሆነም ገመዱ በእጅ አልመጣ ሲል መጀመሪያ መቆም፣ ከዚያም መመልከት ያስፈልጋል፤ ልጓሙ ተይዞ እንደሆነ፣ ገመዱ በከበሮው ላይ ተደራርቦ እንደሆነ፣ መስቀያው ገመድ ተጠምጥሞ እንደሆነ። ብዙ ጊዜ ሸራውን ትንሽ መልሶ ዘርግቶ እንደገና መሳብ ይበቃል።

ይህ ካልሆነ የሚቀረው ሸራውን ማውረድ ነው። ይሁን እንጂ የሸራው ጠርዝ በዘንጉ ቦይ ውስጥ ተንሸራቶ የሚወርደው ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ብቻ ነው፤ ግማሹ የተጠቀለለ ሸራ አይወርድም። ለዚህም ሆነ በከበሮው ላይ የተቆለፈውን ገመድ ለመፍታት አንድ ሰው ወደ አፍንጫው መሄዱ የግድ ከሆነ፣ በደኅንነት ቀበቶ ከጀልባዋ ጋር ታስሮ መሆን አለበት። እዚህ ላይ መሣሪያው ሊያስቀርልን የታሰበው አደጋ ተመልሶ እንደመጣ ልብ ይሏል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ሙከራ

የሰበቃውን ሕግ ለማየት ጀልባ አያስፈልግም። 2 ሊትር ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጠንካራ ሲባጎ አንድ ጫፍ ላይ እንሰር። ሲባጎውን በጽኑ በተያዘ ክብ አግዳሚ እንጨት ላይ አሳልፈን በሌላው ጫፍ ባዶ ጠርሙስ እናንጠልጥል። ባዶው ጠርሙስ ባለውሃውን እስኪይዘው ድረስ ስንት ውሃ እንደምንጨምርበት እንለካ። ከዚያም ሲባጎውን በእንጨቱ ላይ አንድ ተጨማሪ ዙር፣ ቀጥሎም ሁለት ተጨማሪ ዙር እየጠመጠምን ልኬቱን እንድገም። የሚያስፈልገው ውሃ በእያንዳንዱ ዙር እንዴት በፍጥነት እንደሚቀንስ እናያለን።

ከላይ እንዳየነው በብርቱ ነፋስ ውስጥ የሸራ አያያዝ የጉልበተኞች ሥራ አይደለም። ኃይሉ በካሬ ስለሚያድግ ቀድሞ መቀነስ፣ የሚሰማው ነፋስ ቬክተር ስለሆነ አቅጣጫን መለወጥ፣ ሰበቃ ስለሚባዛ ገመዱን መጠምጠም፣ ገመዱ እምቢ ሲል ከመጎተት ይልቅ መመልከት፤ እያንዳንዱ ምክር ከአንድ የታወቀ ሕግ ይመነጫል። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ምክሩን በቃሉ ባያጠናው እንኳ፣ ነፋሱ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት ራሱ ሊደርስበት ይችላል።